ፍርሃትና ፈሪሃ እግዚአብሔር

ከመካከላችን ብዙዎቻችን ነሐሴ 1 ቀን የሚገባውን የፍልሰታን ጾም የጀመርነው ገና በሰባት ዓመታችን ነው። ቅዳሴው ሳያልቅ ውሃ ጠምቶን ተደብቀን አንድ ጉንጭ የጠጣን እንደ ሆነ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስደንም ነበር፤ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የተሣለው ሰይጣን ከነሰንሰለቱ ዓይናችን ላይ ይመጣል። ለእናታችን እንዳንነግር አለንጋው አለ፤ ለንስሐ አባታችን እንዳንነግር ኀፍረቱ አለ። ስለዚህ መዋሸትን ተማርን።

ዛሬ መምህሩ «ጥያቄ ያለው?» ሲል አንገታችንን የምንደፋው አንድም ከዚያ የተነሣ ይመስለናል።

ይህን ስንል ጾሙ ይቅር ማለታችን አይደለም። ከጓደኞቻችን ጋር ለመቁረብ በማለዳ የሮጥንበትን ደስታ አንረሳውም። የምንቃወመው ፍርሃትን እንደ ፈሪሃ እግዚአብሔር መቁጠርን ነው። የተገረፈ ልጅ የሚፈራው አለንጋውን እንጂ እግዚአብሔርን አይደለም።

ነገ እኛም ወላጆች እንሆናለን። ያን ጊዜ ልጃችን «ውሃ ጠጣሁ» ብሎ እውነቱን ሲነግረን እንመታዋለን ወይስ እንሰማዋለን? ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ መልሱን ከዛሬ እናስብበት።