ጠርሙሱ ይግባ፣ ፌስታሉ ይቅር

በርካታ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሜሪላንዷ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የቤት ቆሻሻ የሚወጣው ተለይቶ ነው። ጠርሙስና ጣሳ በሰማያዊ ሣጥን፣ ወረቀት ለብቻው፣ የግቢ ሣርና ቅጠል በወረቀት ከረጢት። ቅጠሉ ዲከርሰን ወደተባለ ሥፍራ ተወስዶ በብስባሽነት ይዘጋጅና «ሊፍግሮ» በሚል ስም ለአትክልተኞች ይሸጣል።

ጣጣው ፌስታል ላይ ነው። እናት ለንጽሕና ብላ ጠርሙሱን በፌስታል ቋጥራ ታወጣለች። ፌስታሉ ግን በመለያው ማሽን ላይ እየተጠመጠመ ሥራ ያስቆማል፤ ቆርጦ የሚያወጣውም ሠራተኛው በእጁ ነው። እሱም የሰው ልጅ ነው!

የእንግሊዝኛውን ማስታወቂያ የምታነቡ ልጆች፣ ለእናታችሁ በአክብሮት አስረዷት እንጂ አትሳቁባት። ጠርሙሱ ለቅለቅ ተደርጎ እንዲሁ ይግባ። ፌስታሉ ታጥፎ ይቀመጥ፤ ለጫማ መያዣ ይሆናል።