ልብ ወለድ ኹጥባ አይደለም



ባለፈው ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት በተዘጋጀ የአጭር ልብ ወለድ ውድድር ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ነበርኩ። የተሰጠን የማረሚያ ቅጽ ከ100 ነጥብ 40ውን «ለአስተማሪነት» የመደበ ነው። ቋንቋው፣ ታሪኩ፣ ገጸ ባሕርዩ፣ ሁሉም በቀረው 60 ውስጥ ይጣበቡ። ቅሬታዬን በስብሰባው ላይ ተናግሬ ሰሚ አላገኘሁምና እነሆ በጽሑፍ አቀርበዋለሁ።

ልጆች ሞኞች አይደሉም፤ ዳኛው ምን እንደሚወድ ያውቃሉ። ስለዚህ ካነበብናቸው የሚበዙት አንድ ታሪክ ነበሩ ማለት ይቻላል። ወጣቱ ሶላት ይተዋል፣ ጫት ሲቅም ይውላል፣ እናቱን ያስለቅሳል፣ ይታመማል፤ በመጨረሻው ገጽ አንድ ሽማግሌ መጥተው ይመክሩታል፤ እርሱም አልቅሶ ይመለሳል። ተውበት ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከነፍሱ ጋር ሳይታገል በሦስት መስመር የተመለሰ ሰው ማን አይቷል? ወጣቱ ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚፈራ፣ ጫቱን በተወ በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላውን በምን እንዳሳለፈው አልተጻፈም። ይህ ለኹጥባ ምሳሌ ይሆን ይሆናል፤ ለኹጥባ ደግሞ ሚንበር አለን።

ከመካከላቸው ግን የአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጽሑፍ ነበር። እናት ዓረብ አገር በሰው ቤት ትሠራለች። ለዒድ ቀሚስ ትልካለች። ቀሚሱ ለልጅቱ አይሆናትም፤ ክንዷን እንኳ አያስገባም። እናት የምታስታውሰው ከአራት ዓመት በፊት ትታት የሄደችውን ልጅ ቁመት ነውና። ልጅቱ ቀሚሱን አጥፋ ታስቀምጥና በስልክ «ልክክ ብሎኛል፣ እማ» ትላለች። ታሪኩ እዚህ ያበቃል።

«ትምህርቱ ምንድን ነው? ደግሞስ ልጅቱ እናቷን ዋሽታለች!» አሉ አንዱ ባልደረባዬ። ከ40ው 8 ሰጧት። እኔ ያንን ገጽ ካነበብኩ በኋላ ሌላ ወረቀት ለማንሳት ጊዜ ፈጅቶብኛል። ለመሆኑ ስንቶቻችን ቤት እንዲህ ያለ ቀሚስ ተቀምጧል?

ቀሚስ ካነሳን ዘንድ፣ የአላህን ቃል ከሰው ድርሰት ጋር ማነጻጸሬ አይደለም፤ አላህ ይጠብቀኝ። ግን የነቢዩላህ ዩሱፍን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ያነበበ ሰው ቀሚስ ምን ያህል እንደሚናገር ያውቃል። በመጀመሪያ የሐሰት ደም ተቀብቶ ወደ አባት ይመጣል። ቀጥሎ ከበስተኋላ ተቀድዶ የንጹሑን ሰው ንጽሕና ይመሰክራል። በመጨረሻ በያዕቁብ (ዐ.ሰ.) ፊት ላይ ሲጣል የጠፋው ዓይን ይበራል። ይህን ሱራ እየቀሩ ያደጉ ልጆች አንድ ዕቃ ታሪክ ሊሸከም እንደሚችል አይገባቸውም ልንል ነው?

«ይህ የዓለማውያን መስፈርት ነው» የሚሉኝም አሉ። ሱዳናዊቷ ሙስሊም ሌይላ አቡለላ በ2000 እ.ኤ.አ. ለአፍሪካ ጽሑፍ የሚሰጠውን የኬይን ሽልማት ከሁሉ ቀድማ ያገኘችው «ሙዚየሙ» በተባለ አጭር ታሪኳ ነው። በስኮትላንድ ከተማ በአበርዲን ስታቲስቲክስ የምታጠና አንዲት ሱዳናዊት፣ ደብተሩን ካዋሳት የአገሩ ተወላጅ ጋር ሙዚየም ትሄዳለች። በዚያ የተደረደረው አፍሪካ የምታውቀው አገሯ አይደለም። ደራሲዋ ሃይማኖቷን አልደበቀችም፤ ሚንበር ላይም አልወጣችም።

ታዲያ ሥነ ምግባር ይቅር ወይ? አላልኩም። ብልግናን የሚያቆላምጥ ታሪክ ቢመጣልኝ እኔም እጥለዋለሁ፤ ያላመነበትን ንስሐ የጻፈውንም እንዲሁ። ሁለቱም ሐሰት ናቸው። ባልደረባዬን የማልረዳቸው እዚህ ላይ ነው፦ በልጅቱ አፍ ላይ ያለውን ውሸት አዩ፤ በሌሎቹ ወረቀቶች ላይ የተደረደረውን ግን በሙሉ ነጥብ አሳለፉት።

ከውጤቱ በኋላ ልጅቱ ጠየቀችኝ፦ «ኡስታዝ፣ ምን ልጨምርበት? መጨረሻው ላይ ምክር ላስገባ?» ምንም እንዳትጨምር ነገርኳት። አመነችኝ ማለት አልችልም፤ አንደኛ የወጣው ጽሑፍ በግድግዳው ላይ ተለጥፎ ታየው ነበርና።

የዘንድሮው ቅጽ ባለፈው ሳምንት ደርሶኛል። 40ው እዚያው ነው። ሳልፈርምበት መልሼዋለሁ።