«የፓይለቱ ስህተት ነው» ብለን አንዝጋው

ዛሬ ላነሳላችሁ የፈለግሁት ጉዳይ ክፍል ውስጥ ብዙም አይወራም። እኛ የግብርና ምህንድስና ተማሪዎች ስለ ፀረ ተባይ ርጭት ጥሩ ትምህርት እናገኛለን። ጠብታው ስንት ማይክሮን መሆን እንዳለበት፣ ንፋሱ መድኃኒቱን ወዴት እንደሚወስደው፣ ለአንድ ሄክታር ስንት ሊትር እንደሚበቃ አስሉ ብንባል አናፍርም። ርጭቱ በአውሮፕላን ሲሆንም የምንጠይቀው ያንኑ ነው፤ መድኃኒቱ ሰብሉ ላይ በትክክል ደርሷል ወይ? መድኃኒቱን ያደረሰው ሰው እቤቱ በሰላም ደርሷል ወይ ብለን ግን አንጠይቅም። እሱ የአቪዬሽን ሰዎች ሥራ ነው እንላለን። በእኔ እምነት ይህ ትልቅ ክፍተት ነው፤ ምክንያቱም አደጋው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው መሬት ላይ፣ እኛው በምንሠራው ሥራ ውስጥ ነው።

እስቲ ከታሪኩ እንነሳ። በአውሮፕላን መድኃኒት መርጨት የተጀመረው እ.ኤ.አ. ኦገስት 3 ቀን 1921 ነው። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ትሮይ በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ሌተናንት ጆን ማክሬዲ በጦር ሠራዊት አውሮፕላን የካታልፓ ዛፎችን በሚበላ አባጨጓሬ ላይ የመርዝ ዱቄት በተነ። ነገሩ ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም። በአዋሽ ሸለቆ የጥጥ እርሻዎች፣ በግሪሳ ወፍና በአንበጣ መንጋ ላይ ከአየር ሲረጭ ኖሯል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሽዋይዘር ከተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ተባብሮ «አግ ካት» የተባለውን የርጭት አውሮፕላን እዚሁ ይገጣጥም ነበር፤ ስሙንም «እሸት» ብሎታል። እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2021 በዘለቀው የአንበጣ ወረራም የአየር ርጭት ከዋነኞቹ መከላከያዎች አንዱ ነበር።

ይህ በረራ ታዲያ እንደ መንገደኛ አውሮፕላን በረራ አይደለም። ፓይለቱ ከሰብሉ አናት 3 ወይም 4 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ፣ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። በሰዓት 225 ኪሎ ሜትር ቢበር በአንድ ሰከንድ 62 ሜትር ተጓዘ ማለት ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ማሳ በ16 ሰከንድ ያልቅበታል። ከዚያ ሽቅብ ይወጣል፣ ይዞራል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ይህን ቀኑን ሙሉ ይደጋግመዋል። ሞተሩ ቢጠፋበት የሚያንዣብብበት ከፍታ የለውም፤ ቢሳሳትም ማረሚያ ጊዜ የለውም።

የመጀመሪያው ጠላት ሽቦ ነው። የመብራት ሽቦ ከአየር ላይ ሲያዩት ከጀርባው ካለው መሬት ጋር ይመሳሰላል፤ ስለዚህ ልምድ ያላቸው ፓይለቶች ሽቦውን ሳይሆን ምሰሶውን ነው የሚፈልጉት። «ያላየው ሽቦ ነዋ የጣለው» ትሉ ይሆናል። የአውስትራሊያ የትራንስፖርት ደህንነት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ጥናት ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። ከ2001 እስከ 2010 ድረስ ከተመዘገቡት 180 የሽቦ ግጭቶች 100ው በእርሻ በረራ ላይ የደረሱ ናቸው። በጥናቱ መሠረት 63 በመቶ የሚሆኑት ፓይለቶች ሽቦው እዚያ መኖሩን ከመጋጨታቸው በፊት ያውቁ ነበር!

የሚያውቀውን ሽቦ ሰው እንዴት ይጋጨዋል? ደክሞት ሊሆን ይችላል። ዓይኑ ጂፒኤሱ ላይ፣ ሐሳቡ የነዳጅ መለኪያው ላይ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ወይም ማሳው አለቀ ብሎ ሊመለስ ሲል በሬዲዮ «ያቺ ጥግ ቀርታለች፣ ጨርሰህ ና» ተብሎ ባላሰበው አቅጣጫ ገብቶ ሊሆን ይችላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም። በሬዲዮ የሚጣራው ሰው ደግሞ ፓይለት አይደለም፤ የእርሻው ባለሙያ ነው።

ሁለተኛው ጠላት ስቶል ነው፤ ክንፉ አውሮፕላኑን ተሸክሞ ማቆየት ሲያቅተው ማለት ነው። አውሮፕላን ከፍታውን ሳይለቅ 60 ዲግሪ አጋድሎ ሲዞር ክንፉ የሚሸከመው ጭነት እጥፍ ይሆናል፤ ስቶል የሚያደርግበት ፍጥነትም በ41 በመቶ ይጨምራል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የነበረው 141 ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ላይ ጭነቱን ጨምሩበት። «ኤር ትራክተር ኤቲ-802» የሚባለው አውሮፕላን 800 ጋሎን፣ ማለትም 3,000 ሊትር ያህል ይጭናል። ሙቀቱንም ጨምሩበት። መካከለኛው አዋሽ ከባህር ጠለል በላይ 750 ሜትር ገደማ ነው፤ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሲደርስ ግን አየሩ ስለሚሳሳ ለክንፉና ለሞተሩ 1,750 ሜትር ላይ ያሉ ያህል ነው። ጠዋት ሙሉ ጭነት ይዞ ያለ ችግር የተነሳ አውሮፕላን ከቀትር በኋላ በዚያው ጭነት መከራውን ሊያይ ይችላል። ታዲያ ስንት ሊትር ይጫን፣ ስንት ሰዓት ላይ ይረጭ የሚለውን ፕሮግራም የሚያወጣው ማን ነው? ነገ ተመርቀን ስንወጣ ከመካከላችን አንዱ ነው።

መድኃኒቱም ራሱ አለ። ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት ፀረ ተባዮች የሰውን ነርቭ ይነካሉ፤ የዓይን ብሌን ያጠባሉ፣ እይታን ያደበዝዛሉ። ጓንት ሳይሰጠው መድኃኒት የሚሞላ ሠራተኛና በደንብ ያልተዘጋ የመድኃኒት መስመር ያለበት አውሮፕላን የሚያበር ፓይለት መርዙን ይጋሩታል። ዓይኑ የደበዘዘ ሰው ደግሞ ሽቦ አያይም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ከእርሻ በረራ ጋር የተያያዙ 78 አደጋዎች መድረሳቸውን፣ ከነሱም 9ኙ ሰው የሞተባቸው መሆናቸውን በ2014 ባወጣው ልዩ ሪፖርት ገልጿል። ቦርዱ ጣቱን ወደ ፓይለቱ ብቻ ቀስሮ አልተወውም። የፓይለቶችን ድካም፣ የጥገና ጉድለትን፣ አደጋን አስቀድሞ የመገመቻ መመሪያ አለመኖሩን ነው ያነሳው። እነዚህ የአሠራር ችግሮች እንጂ የአንድ ሰው ችግሮች አይደሉም።

አንድ ሌላ ማስረጃ ልጨምር። በጃንዋሪ 2011 (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ፣ ኦክሌይ አካባቢ፣ አንድ የእርሻ አውሮፕላን ከንፋስ መለኪያ ምሰሶ ጋር ተጋጭቶ ፓይለቱ ሞተ። እንዲህ ያለ ምሰሶ ቀጭን ነው፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይተከላል፣ ብዙውን ጊዜም ቁመቱ ከ61 ሜትር ትንሽ ዝቅ ተደርጎ ይሠራል። ለምን ቢሉ፣ ለአቪዬሽን ባለሥልጣኑ ማሳወቅ ግዴታ የሚሆነው ከዚያ ቁመት ጀምሮ ስለነበረ ነው። እነዚህ አጠር ያሉ ምሰሶዎች ምልክት እንዲደረግባቸው የሚያዝ ድንጋጌ በፌዴራል ሕግ ውስጥ የገባው በ2016 ነው። ታዲያ ትናንት ያልነበረ፣ ያልተቀባ ምሰሶ ዛሬ ማሳው መሃል ቆሞ ቢገኝ ስህተቱን የፓይለቱ ብቻ እንዴት እንላለን?

«የፈለገው ቢሆን መሪውን የያዘው እሱ ነው፤ አልበርም ማለት ይችላል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ የመጨረሻው ኃላፊነት የፓይለቱ ነው። ግን አልበርም ያለ ፓይለት ሥራውን የሚያጣ ከሆነ፣ ክፍያውም በረጨው ሄክታር ልክ ከሆነ፣ ያ መብት ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ነው። «ድሮን መጥቷል፤ ነገሩ በራሱ ይፈታል» የሚልም አለ። ድሮን ሰውየውን ከአውሮፕላኑ ውስጥ ያወጣዋል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሽቦውን ግን አያነሳውም፤ መድኃኒት የሚሞላውን ሠራተኛም ከመርዝ አያድነውም። ማሳውን ሳያይ ትዕዛዝ የሚጽፍ ባለሙያ ድሮንም ይሰብራል።

መሐንዲስ ምን ማድረግ እንደሚችል ደግሞ ምሳሌ አለን። ፍሬድ ዊክ የተባለ መሐንዲስ በቴክሳስ የግብርናና ሜካኒክ ኮሌጅ ሆኖ «ኤጂ-1» የተባለ አውሮፕላን ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1950 በረረ። ዊክ የተነሳው ሰው ይሳሳታል፣ አውሮፕላንም ይወድቃል ከሚል ሐሳብ ነው። ስለዚህ ፓይለቱን ከፍ አድርጎ አስቀመጠው፤ ሞተሩንና የመድኃኒት ታንከሩን ከፊቱ አድርጎ ግጭቱን እንዲውጡለት አደረገ፤ መቀመጫውንና የትከሻ ቀበቶውን አጠነከረ። ዛሬ በየአገሩ የሚበሩት የርጭት አውሮፕላኖች በዚሁ አቀማመጥ የተሠሩ ናቸው። ሰውየው የግብርና ኮሌጅ ባልደረባ እንደነበረ ልብ በሉልኝ።

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የእርሻ መሣሪያዎች ኮርሳችን ውስጥ ስለ በራሪውና ስለ ሞይው ደህንነት አንድ ምዕራፍ ይግባልን። ሁለተኛ፣ የመስክ ልምምድ ስንወጣ የማሳ ካርታ ስናነሳ ሽቦውን፣ ምሰሶውን፣ ረጅሙን ዛፍ፣ ሰው የሚተላለፍበትን መንገድ ምልክት ማድረግ ውጤት የሚያዝበት ሥራ ይሁን። ያለዚህ ካርታ የርጭት ትዕዛዝ የማይፈርም ባለሙያ ከዚህ ግቢ መውጣት አለበት። ሦስተኛ፣ የአደጋ ሪፖርቶችን በሴሚናር እናንብባቸው፤ ስናነብም «ማን አጠፋ?» ከማለታችን በፊት «ከዚያ በፊት መሬት ላይ ምን ተደርጎ ነበር?» ብለን እንጠይቅ።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ማሳውን በእግር መዞር ግማሽ ቀን ቢወስድ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ በሚቀጥለው እትም ጻፉልኝ፤ በተለይ መስክ ላይ ርጭት ያስተባበራችሁ መምህራን ብትጽፉልን ሁላችንም እንማራለን። ቸር ይግጠመን!