መውላና አዛድ፦ ከወህኒ ይልቅ የከበደው ወንበር

የነጻነት ታጋዮች ታሪክ ሲነገር ትረካው ብዙውን ጊዜ በድሉ ቀን ይቆማል። ሰንደቅ ዓላማው ይሰቀላል፣ እስረኞች ይፈታሉ፣ ሕዝቡ አደባባይ ይወጣል። ታጋዩ ከዚያ በኋላ በምክር ቤት ያሳለፋቸው ዓመታት ግን እንደ ጡረታ ዘመን በጥቂት መስመር ይታለፋሉ። የሕንዱ መውላና አቡል ከላም አዛድም የደረሳቸው ዕጣ ይኸው ነው። ነገር ግን የሕይወታቸውን ከባድ ክፍል የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው በወህኒው ዘመን ሳይሆን ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው።

መውላና የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1888 በቅድስቲቱ ከተማ በመካ ነው። አባታቸው ሕንዳዊ ዓሊም፣ እናታቸው ዐረብ ነበሩ። ቤተሰቡ ወደ ካልካታ የተሻገረው እርሳቸው ገና ሕፃን ሳሉ ነው። «አዛድ» ማለት «ነጻ» ማለት ሲሆን፣ ይህን የብዕር ስም የመረጡት ራሳቸው ናቸው።

በ1912 በካልካታ «አል-ሂላል» የተባለ ሳምንታዊ የኡርዱ ጋዜጣ መሠረቱ። የእንግሊዝ አስተዳደር በመጀመሪያ 2,000 ሩፒ፣ ቀጥሎም 10,000 ሩፒ ማስያዣ አስከፍሎ ሁለቱንም ወረሰ፤ ጋዜጣውም በ1914 ተዘጋ። ከዚያ በራንቺ ግዞት፣ ከዚያም ተደጋጋሚ እስራት ተከተለ። በ1923 የኮንግረስ ፓርቲ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ከ1940 እስከ 1946ም ዳግመኛ መሩት። በ1942 ተይዘው በአህመድናጋር ምሽግ ታስረው ሳለ ባለቤታቸው ዙለይኻ በካልካታ ታመው ዐረፉ። መውላና ግን ይገዛቸው ከነበረው መንግሥት ዘንድ የመሰናበቻ ፈቃድ እንኳ አልለመኑም።

ይህ ሁሉ የሚታወቅ ነው። ብዙም የማይተኮርበት ግን በ1947 ነጻነት ሲመጣ መውላና በትልቁ ጉዳያቸው መሸነፋቸው ነው። ሙስሊምና ሂንዱ በአንድ አገር አብረው ይኖራሉ ብለው ዕድሜ ልካቸውን ተከራክረዋል፤ አገሪቱ ግን ለሁለት ተከፈለች። በብዙ ወገኖቻቸው ዘንድም ከሃዲ ተብለዋል። በዚያው ዓመት በኦክቶበር፣ በዴልሂ ጃማ መስጂድ ቆመው፣ ዕቃውን ሸክፎ ወደ ፓኪስታን ለመሄድ ለተነሣው ሕዝብ ንግግር አደረጉ። ቀድሞ ያልሰሟቸውን ከወቀሱ በኋላ ወዴት ትሄዳላችሁ፣ ለምንስ ትሄዳላችሁ ሲሉ ጠየቁ። የተሸነፈ ሰው ቤቱን ዘግቶ ቢቀመጥ የሚወቅሰው አይኖርም ነበር። እርሳቸው ግን በሕገ መንግሥት ጉባኤውና በምክር ቤቱ ቀሩ፤ በ1952 ከራምፑር፣ በ1957 ደግሞ ሂንዱዎች ከሚበዙበት ከጉርጋዎን ተመርጠው በ1958 እስካረፉበት ቀን ድረስ አገለገሉ። አናሳ የሆነ ሕዝብ በአገሩ ባለቤት እንጂ እንግዳ አለመሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ንግግር የሚያስፈልግ አይመስልም።

በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የትምህርት ሚኒስትር ነበሩ። በቤታቸው ተምረው በዘመናዊ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያላለፉት ዓሊም፣ በ1951 በኻራግፑር የተከፈተው የመጀመሪያው የሕንድ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲቋቋም አገሪቱን በትምህርት ይመሩ ነበር። የዩኒቨርሲቲዎች ድጎማ ኮሚሽን በ1953 ተቋቋመ። በ1950 የመሠረቱት የባህል ግንኙነት ምክር ቤትም «ሰቃፈቱል-ሂንድ» የተሰኘ የዐረብኛ መጽሔት ያሳትም ጀመር፤ የተቋሙ የነጻ ትምህርት ዕድልም ባለፉት ዓመታት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችን ጭምር ወደ ሕንድ ወስዷል። ከእነርሱ ስንቱ የመሥራቹን ስም እንደሚያውቅ ሌላ ጥያቄ ነው።

ውዳሴው ግን ሚዛኑን እንዳይስት ያስፈልጋል። በ1951 ቆጠራ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ 18 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። በ1950 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ዕድሜው 14 ዓመት እስኪሞላ ድረስ ለእያንዳንዱ ሕፃን ነጻና ግዴታ የሆነ ትምህርት በአሥር ዓመት ውስጥ ለማዳረስ መንግሥት እንዲጥር ይደነግግ ነበር። ሚኒስትሩ ያንን ቃል ሳይፈጽሙ ዐረፉ፤ ተተኪዎቻቸውም በቀጠሮው አልደረሱበትም። ትምህርትን የእያንዳንዱ ሕፃን መብት ያደረገው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በ2010 ነው፤ መውላና በቀይ ምሽግና በጃማ መስጂድ መካከል ከተቀበሩ ከ52 ዓመታት በኋላ።