የራሴ አይደለሁም፤ የመንግሥትም አይደለሁም

አበው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። ሰማይን ማረስ እንደማይቻል ሁሉ ገዢን መጠየቅም አይቻልም ነው ነገሩ። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ከዚህ አባባል ጋር ፊት ለፊት የሚጋጭ ነው፤ ክርስቲያን የሆነ ሰው የመንግሥትን ሥልጣን እስከ ምን ድረስ ሊገድብ ይገባዋል? የሚገድበውስ በምን ምክንያት ነው?

ጥያቄውን የጫረብኝ አኖ ላይ የሰማሁት አንድ ንግግር ነው። ከባኮ ወደ ነቀምት የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ አንባቢ አኖን ያውቃታል። አውቶቡሳችን ለቁርስ በቆመበት ሻይ ቤት አንድ አረጋዊ አጠገቤ ተቀመጡ፤ ስሟን የማልጠቅሳት የአንዲት ትንሽ ከተማ ማኅበረ ምእመናን ሽማግሌ ናቸው። ምእመናኑ ገንዘብ አዋጥተው ለመዋዕለ ሕፃናት ድንጋይና ቆርቆሮ ከሰበሰቡ አራት ዓመት አልፏል። የቦታው ወረቀት ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲንከራተት ቆርቆሮው ዝጓል። «ታዲያ አባቴ፣ መንግሥት ባይኖር ይሻል ነበር ይላሉ?» ስል ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እንደሱስ አልልም ልጄ። የእኛ ነገር ሌላ ነው። ፈቃድ ስንጠይቅ መንግሥት አለ፤ ሌሊት ተኩስ ሲሰማና ድረሱልን ስንል የለም» አሉኝ።

በምዕራቡ ዓለም «ሊበርታሪያን» የሚባሉት ወገኖች ለእኒህ ሽማግሌ የተዘጋጀ መልስ አላቸው። በእነርሱ አስተሳሰብ የመንግሥት ሥራ የዜጎችን ሕይወትና ንብረት ከጥቃት መጠበቅና ውልን ማስከበር ብቻ ነው፤ ከዚያ ያለፈው ሁሉ የሰውን ነፃነት መጋፋት ነው። ከዋነኞቹ ፈላስፎቻቸው አንዱ የሆነው ሮበርት ኖዚክ ይህን ሐሳብ የተነተነበትን ዝነኛ መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1974፣ የእኛ አብዮት በፈነዳበት ዓመት ነበር። እርሱ ሥልጣኑ እጅግ የጠበበ መንግሥት ሲነድፍ፣ እኛ ዘንድ ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠሩን መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። የታሪክ ምፀት ማለት ይህ ነው!

ሆኖም ፍርድ ከመስጠታችን በፊት አንድ እውነት እንመን። የገጠሩን የመሬት አዋጅ በደስታ ከተቀበሉት መካከል ብዙ ክርስቲያኖች ነበሩ። ምርቱን ለባለ መሬት ሲያስረክብ ለኖረ ጭሰኛ አዋጁ ነፃነት እንጂ ወረራ አልነበረም። ደስታው ስሕተት ነበር ብዬ አልፈርድም። ስሕተቱ የመጣው መሬቱን ከባላባቱ እጅ የወሰደው መንግሥት መልሶ የሚለቅ የመሰለን ጊዜ ነው። ይኸው ዛሬም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፤ አይለወጥም። የማኅበረ ምእመናኑ ቆርቆሮም የዛገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቦታውን የሚሰጠውም የሚነሣውም ቢሮው ነውና።

ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ ላይ ምን ይላል? በመጽሐፈ ነገሥት የተተረከውን የናቡቴን ታሪክ እናስታውስ። ንጉሥ አክዓብ በቤተ መንግሥቱ አጠገብ የነበረውን የወይን ቦታ ፈለገ። ተመጣጣኝ ዋጋ ወይም የተሻለ ቦታ እሰጥሃለሁ አለ። ናቡቴ ግን እምቢ አለ። ልብ በሉ! እምቢ ያለው «ንብረቴ ነውና የወደድሁትን አደርጋለሁ» ብሎ አይደለም፤ ርስቱ ከአባቶቹ የተረከበው፣ ከእግዚአብሔር የተሰጠው አደራ ስለነበረ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ሕግ መሠረት መሬት ለዘለዓለም አይሸጥም፤ ባለቤቱ እግዚአብሔር ነው፤ ሰው በላዩ እንግዳ ነው። ስለዚህ ናቡቴ ራሱም ከሕግ በታች ነበር። ንጉሡን ያቆመውም ይኸው ሕግ ነው። ናቡቴ በሐሰት ምስክር ተወግሮ ሲሞት ነቢዩ ኤልያስ እዚያው የወይን ቦታ ድረስ ሄዶ ንጉሡን ከሰሰው። «ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል ለኤልያስ አልደረሰውም።

የሊበርታሪያኑና የክርስቲያኑ መንገድ የሚለያየው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ሊበርታሪያኑ «እኔ የራሴ ነኝ፤ ስለዚህ አትንኩኝ» ይላል። ሐዋርያው ጳውሎስ ደግሞ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ምእመናን የራሳቸው እንዳልሆኑ፣ በዋጋ እንደተገዙ አስተምሯል። ይህ ትምህርት በመጀመሪያ ሲሰሙት ለአምባገነን የሚመች ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። እኔ የራሴ ካልሆንሁ፣ አንተ የምትገዛኝ መንግሥትም ባለቤቴ ልትሆን አትችልም። ባለቤት አለኝና!

ይህን በሕይወቱ ያስመሰከረ ሰው ከወለጋ ወጥቷል። ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1921 ዓ.ም. ቦጂ ተወለዱ፤ በነቀምት ተማሩ፤ በነቀምት ሆስፒታል አገለገሉ። ኋላም የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ ለውጭ አጋሮቿ በጻፈችው ታዋቂ ደብዳቤ የተሟገቱት ወንጌልን ከልማት፣ ነፍስን ከሥጋ ነጥሎ መርዳት ሰውን ለሁለት መክፈል ነው ብለው ነው። በደርግ ዘመን ቤተ ክርስቲያኒቱን የሥርዓቱ መሣሪያ ለማድረግ አልፈቀዱም። ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው እምቢ አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉ። አፅማቸው የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ዐሥር ዓመት ያህል በእስር ማቀቁ። በዚያው በ1971 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስም በደርግ እጅ ተገደሉ። ገዳዩ ሃይማኖት አልለየም።

«ራሴን የማዝዘው እኔ ነኝ» የሚል ሰው በተከፈተለት በር ቢወጣ ማንም አይወቅሰውም። ጉዲና የራሳቸው ስላልነበሩ አልሸሹም፤ የደርግ ስላልነበሩም አልታዘዙም። ለአንድ መንግሥት ከዚህ የበለጠ ገደብ ማን አበጀለት?

ነገሩ በደርግ አላበቃም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን ከሰብአዊ መብት ሥራ አገደ። የእምነት ተቋማትም የልማት ክንፎቻቸውን ለይተው እንዲያስመዘግቡ አስገደደ። ጉዲና የውጭ ለጋሾች በበጀት እንዳይከፍሉት የተሟገቱለትን ሰው የአገሩ መንግሥት በአዋጅ ከፈለው ማለት ነው። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሯል፤ «ያለ እኔ ፈቃድ ደግ ሥራ አይሠራም» የሚለው ልማድ ግን ገና ከቢሮው አልወጣም።

በሌላ በኩል የሽማግሌውን ሁለተኛ ዐረፍተ ነገር ችላ ማለት አይገባም። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ አማሮች፣ ተጨፈጨፉ። ያን ዕለት መንግሥት የት ነበር? ያው መንግሥት ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ መጋቢት በወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ለመዝጋት ክንዱ አላጠረም። ሐዋርያው ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ባለ ሥልጣን ሰይፍ የታጠቀው ክፉ አድራጊውን ሊቀጣ መሆኑን ያስረዳል። ሊበርታሪያኑም ቢሆን ይህችን ሥራ ለመንግሥት ትቷል። የእኛ መንግሥት ግን ይህችን ትቶ የመዋዕለ ሕፃናት ወረቀት ይጠብቃል። ስለዚህ «መንግሥት ይነስ ወይስ ይብዛ?» የሚለው ክርክር ወለጋ ላይ ሙሉ መልስ አይሆንም፤ ሊገደብ በሚገባው ቦታ ይገደብ፣ ሊቆም በሚገባው ቦታ ይቁም ነው የእኔ አቋም።

«መንግሥት እጁን ቢሰበስብ ድኻውን ማን ያየዋል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ በከፊል በዚሁ አገር ታሪክ ውስጥ አለ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት ኦነሲሞስ ነሲብ ነቀምት ላይ ያስተማሩት የመንግሥት ትምህርት ሚኒስቴር ባልነበረበት ዘመን ነው። የዓይራ ሆስፒታል የቤተ ክርስቲያን ነው። ዕድሩና ደቦው የማንም አዋጅ ውጤት አይደለም። ይሁንና ምጽዋት ብቻውን መንገድና ፍርድ ቤት አያቆምም፤ ቀረጥን ሁሉ ዝርፊያ ነው የሚለውን የሊበርታሪያን ወገን በዚህ አልከተለውም። የቄሳርን ለቄሳር ተብለናልና። ቄሳር ግን የእግዚአብሔርንም ጨምሮ እንዳይሰበስብ መጠበቅ የእኛ ፈንታ ነው።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ልመለስ። እኛ ክርስቲያኖች መንግሥት ይገደብ የምንለው ዙፋኑ የሌላው ሲሆን ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ሃይማኖት ሲያደርግ ስንቱ ኦርቶዶክሳዊ ተቃወመ? በ2015 ዓ.ም. በቅዱስ ሲኖዶሱ ላይ በተፈጠረው ቀውስ ቤተ ክርስቲያኒቱ «መንግሥት ጣልቃ ገባብኝ» ብላ ስትጮኽ ከእኛ ከወንጌላውያኑ ስንቱ አንቀጽ 11 እንዲከበር አብሮ ጮኸ? የእምነት ወንድማችን ቤተ መንግሥት ሲገባ ኤልያስን ረስተን የአክዓብ ማዕድ ተካፋዮች ከሆንን፣ ነገ ሌላ አክዓብ ሲመጣ የሚሰማን አይኖርም።

አውቶቡሱ ጥሩምባውን ሲነፋ ሽማግሌው ተነሥተው የሻይዬን ሒሳብ ቀድመው ከፈሉ። ልከለክላቸው ብሞክር «ተው ልጄ፣ ይኼ እንኳ ፈቃድ አያስፈልገውም» ብለው ሣቁ። እኔ ግን መሣቅ አልቻልሁም።

ቸር እንሰንብት።