የአሠሪው ዕቃ

በከላላ ደጋ ያለ ገበሬ አጨዳ ሳይደርስ ማጭዱን ይሞርዳል፤ ማረሻው ሲዶለዱምበትም ወደ ቀጥቃጭ ወስዶ ያሾለዋል። ይህን ያደርግ ዘንድ የሚመክረው የለም፤ መሣሪያው ቢበላሽ የሚራበው የገዛ ቤቱ እንደ ሆነ ያውቃልና። የዚሁ ገበሬ ልጅ ግን ወደ መካነ ሰላም ወይም ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በሴራሚክ አንጣፊ ዘንድ ሲቀጠር፥ አንዳንድ ጊዜ ሌላ ጠባይ ያወጣል። የሴራሚክ መቁረጫውን ሲመሽ ከነአቧራው ጥግ ይጥለዋል። «ዕቃው የአሠሪዬ ነው፤ እርሱ ይጠብቀው» ይላል። ይህ አሳብ ልክ አይደለም።

የእጅ ሴራሚክ መቁረጫ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ ነው። በእስፓኝ አገር ሩቢ በምትባል ከተማ ቦአዳ የሚባሉ ወንድማማቾች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም. እንዲህ ያለውን መሣሪያ መሥራት ጀመሩ። እጀታው በብረት ሐዲድ ላይ ይሄዳል፤ ከእጀታው በታች ያለችውም ትንሽ መንኰራኵር የሴራሚኩን ለስላሳ ፊት ትጭራለች። ከዚህ በኋላ ሠራተኛው እጀታውን ሲጫነው ሴራሚኩ በተጫረው መስመር ለሁለት ይከፈላል። እንግዲህ ስሙ መቁረጥ ይባል እንጂ ሥራው መጫርና መስበር ነው፤ መስመሩ ካልቀና ስብራቱ አይቀናም።

የሴራሚክ አቧራ ጠጣር ነው። በሐዲዱ ላይ ሲከማች እንደ አሸዋ ብረቱን ይፍቀዋል፤ እርጥበት ሲያገኘውም ብረቱ ይዝጋል። በዚያን ጊዜ እጀታው እየተንገጫገጨ ይሄዳል፥ መስመሩ ይቋረጣል፥ ሴራሚኩም ያለ ስፍራው ይሰነጠቃል። አሠሪው የተሰበረውን ከቀን ደመወዙ የቀነሰበት እንደ ሆነ፥ «ዕቃው የእርሱ ነው» ያለው ሠራተኛ ምን ይመልሳል?

የሚያስፈልገው ጥቂት ነገር ነው። አቧራውን በአፍ እፍ ማለት አይገባም፤ ወደ ሳንባ ገብቶ በሽታ ያመጣልና። በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ ጠርጎ በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ፥ ከዚያም እንደ ስፌት መኪና ዘይት ያለውን ቀጭን ዘይት ሐዲዱን ማስነካት፥ በመንኰራኵሯም ዘንግ ላይ አንዲት ጠብታ ማኖር ይበቃል። ወፍራም ግራሶ አይበጅም፤ አቧራውን ይዞ ያጣብቀዋል። ዘይት ሲበዛ ይሻላል የሚል ሰው፥ ወጥ ጨው ሲበዛበት ይጣፍጣል እንደሚል ነው።

መንኰራኵሯ ግን እንደ ማጭድ አትሞረድም። ቱንግስተን ካርባይድ ከሚባል እጅግ ጠንካራ ነገር የተሠራች ስለ ሆነች፥ ስትዶለዱም በአዲስ ትለወጣለች። አዲሲቱን መግዛት በእውነት የአሠሪው ፈንታ ነው፤ ይህን ከሠራተኛው መጠበቅ ግፍ ይሆናል። መጥረጉና መቀባቱ ግን በመጨረሻ የቆረጠበት ሰው ሥራ ነው። ለአሠሪው በሩቅ ሲያየው መሣሪያው ትናንትም ዛሬም አንድ ይመስለዋል፤ እጀታው መንገጫገጭ እንደ ጀመረ አስቀድሞ የሚያውቀው የሠራተኛው እጅ ነው።