በምድጃ ዙሪያ ጣውላ ስለ ማንጠፍ

በዘመሮ ቤት ያላቸው አንድ ወዳጃችን የአባታቸውን የድንጋይ ቤት ወለል ጣውላ ለማልበስ ዐስበው፥ ምድጃውን ምን ሊያደርጉት እንደሚገባ ምክር ጠየቁን። ጥያቄው የመንዝን ብርድ የሚያውቀውን ሁሉ የሚመለከት ስለ ሆነ መልሱን በዚህ ዐምድ ልንጽፈው ወደድን።

የመንዝ እመቤት ወለሏን በእበት ለቅልቃ፥ በላዩ ዝተት አንጥፋ፥ እንግዳዋን ባና አልብሳ ከምድጃው ዳር ታስቀምጣለች። እንዲህ ያለው ወለል ፍም ቢወድቅበት አይቃጠልም፤ ቢሰነጠቅም በማግስቱ ይለቀለቃል። ጉድለቱ ከሥር የሚወጣው እርጥበትና ቅዝቃዜ ነው፤ ይህም ይልቁን በክረምት ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ያስቸግራል። ጣውላ ግን ሙቀትን ከእግር ቶሎ ስለማይወስድ በውርጭ ሌሊት እንኳ ሲረግጡት አያንዘፈዝፍም። ስለዚህ የወዳጃችን ዐሳብ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጣውላ ማገዶ መሆኑን አናጢውም ባለቤቱም ሊዘነጉት አይገባም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚወሰነው የእሳቱ ስፍራ ነው። ብዙዎች ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ካለበሱ በኋላ ቆርቆሮ ያነጥፉና ምድጃውን በላዩ ያኖሩታል። በአንድ ዘመዳችን ቤት ይኸው ተደርጎ ነበር። በቆርቆሮው ላይ ምንም ሳይታይ ከሥሩ ያለው ጣውላ ቀስ በቀስ ከስሎ፥ አንድ ቀን ምጣድ ሲጣድ የምድጃው አንድ ወገን ወደ ውስጥ ሰመጠ። ቀን ስለ ነበረና ውሃም ቅርብ ስለ ነበረ ቤቱ ተረፈ። ቆርቆሮ ፍምን ይከለክላል እንጂ ግለትን አያስቀርም።

ስለዚህ ምድጃው የሚቆምበት ስፍራ ከመሬት ጀምሮ በድንጋይና በጭቃ ይሞላ፤ ጣውላውን የሚሸከመው ሞራሌም በሥሩ አይለፍ። በዙሪያው አንድ ክንድ ያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፍና ጣውላው ከዚያ ወዲያ ይጀምር። የድንጋዩ ጠርዝ ከጣውላው ሁለት ጣት ከፍ ቢል የተንከባለለውን ፍም ይገታል። በዳዴ የሚሄድ ሕፃን ግን በጠርዝ አይገታምና ለእርሱ አጥር ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ነገር የጣውላው መድረቅ ነው። ባሕር ዛፍ በቅርብ ይገኛል፤ ነገር ግን ሳይደርቅ የተመታ እንደ ሆነ እሳቱ በሚያሞቀው ወገን ይሸበሸባል፥ ይሰነጠቃልም። ተሰንጥቆ በጥላ ሥር፥ በመካከሉ ቀጫጭን ዕንጨት እየገባ ተደርድሮ ቢያንስ አንድ በጋ ይቆይ። ከደረቀ በኋላም በክረምት ያብጣል፥ በበጋ ይጠባል፤ የሚንቀሳቀሰውም በርዝመቱ ሳይሆን በጎኑ ነው። ስለዚህ ከግድግዳው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተውለት። ክፍተቱን የሚሸፍነው ዞኮሎ ከግድግዳው ጋር ይመታ እንጂ ከወለሉ ጋር አይቸንከር። ሞራሌዎቹ ከአፈሩ አንድ ስንዝር ከፍ ብለው በድንጋይ ላይ ይረፉ፤ ከሥራቸውም ነፋስ የሚተላለፍበት፥ አይጥ የማያስገባ ወንፊት የተበጀለት ቀዳዳ ይኑር።

በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ምድጃ ባይኖራቸው ከዚህ ጥያቄ አያመልጡም። በዚያ በብዙ ቤት ማሞቂያው በግድግዳ ግርጌ የተጋደመ ነው፤ ቀዝቃዛው አየር በታች አፉ ገብቶ፥ ሞቆ በላይ ይወጣል። አዲስ ወለል በአሮጌው ላይ ሲነጠፍ የታች አፉ ይደፈንና ሙቀቱ ይቀንሳል። ወለሉ ከአፉ በታች እንዲቀር ማድረግ፥ ካልሆነም ማሞቂያውን ዐዋቂ አስጠርቶ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ጣውላው ውድ ሆኖባቸው በአፈሩ ላይ የፕላስቲክ ምንጣፍ የሚያነጥፉም አሉ። ለጽዳት ይመቻል፤ በምድጃ አጠገብ ግን ፍም ሲነካው ይቀልጣል፥ ጭሱም ክፉ ነው።

የምንፈራው ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ወለሉ ሲገጥም፥ በሩና መስኮቱ ሲደፈን ቤቱ ይሞቃል፤ ሰውም ከሰል አንድዶ ይተኛል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው የከሰል አየር ሽታም መልክም ስለሌለው የተኛውን ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ስለዚህ ጣሪያው ሥር የጭስ መውጫ ይተው፥ ከመኝታ በፊትም ከሰሉ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ለሌሊቱ ባናው ይበቃል።

ወዳጃችን ጣውላውን አሁን ገዝተው ይደርድሩት፤ እርሱ እስኪደርቅ ድረስ የምድጃውን ድንጋይ ማስጠረብ ይችላሉ።